አባቴ አለ

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። «ገና» ተብሎ የተጻፈው በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር፣ «ሰፊ» የተባለው ልብስ የሚሰፋው ሰው ይሁን ሜዳው፣ የሚለየው ምላስ ነው። ስናወራ ይህ ችግር ሆኖብን አያውቅም። ስንዘፍን ግን ይሆናል። ዜማ የራሱ እርዝማኔና እጥረት ስላለው፣ ካልተጠነቀቁለት የጠበቀውን አላልቶ፣ የላላውን አጥብቆ ያልፋል። ታክሲ ውስጥ የምንሰማው ዘፈን ከሆነ ይቅር እንላለን። መድረክ ላይ ግን በዚያች አንዲት ቃል የአንድ ሰው ዕጣ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል።

ይህን አጥብቄ ማሰብ የጀመርኩት ላለፉት አራት ወራት ቅዳሜና እሑዴን ከአንድ የወጣቶች ቡድን ጋር ማሳለፍ ከያዝኩ ወዲህ ነው። የቴአትር ጥበባት ተማሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ዘንድሮ ይመረቃሉ። ከከተማችን አንጋፋ ቴአትር ቤቶች በአንዱ፣ ትኬት ቆርጦ ለሚገባ ተመልካች፣ በውልና በክፍያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወቱትን ሙዚቃዊ ተውኔት እየተለማመዱ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፣ ማታ ማታ ግጥም እጽፋለሁ። አዘጋጁ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ በመሆኑ የዘፈኖቹን ግጥም እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ጽፌ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ግን እግሬ ከልምምዱ አዳራሽ አልቀር አለ።

ተማሪ እያዜመ መተወኑ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቅኔ አዋቂው መምህር ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶቹን ለመድረክ ያበቃ የነበረው በተማሪዎቹ ነው፤ ግጥሙና መዝሙሩም ከተውኔቱ የሚለይ አልነበረም። የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ሳይቀር በዚያን ዘመን ወንዶች ልጆች ይጫወቱ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ዘፈንን፣ ግጥምንና ተውኔትን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖረ ቤት ነው። አስናቀች ወርቁ ክራር ስትደረድርና ስትተውን ያው አንዲት ሴት ነበረች። በኋላ ላይ ግን፣ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ሁለቱ ጎረቤት ሆነው ቀሩ። ዘፈኑ የተመልካች ማረፊያ ሆነ፤ እስኪያልቅ ድረስ ታሪኩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ልጆቹ የሚታገሉት ይህን ልማድ ነው።

ትግሉ የሚጀምረው ከትንፋሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሆዳቸው ላይ መጽሐፍ አስቀምጠው፣ መጽሐፉ ከፍ ዝቅ ሲል እየቆጠሩ ይተነፍሳሉ። ከዚያ ተነሥተው እስክስታ እየመቱ እንዲያዜሙ ይታዘዛሉ። እስክስታ ከሩቅ ለሚያየው የትከሻ ጨዋታ ነው፤ ደረት ግን የድምፅ ማደሪያ ስለሆነ፣ ደረት ሲንቀጠቀጥ ድምፁም አብሮ ይሰባበራል። ከመካከላቸው ግዙፉ ልጅ በሁለተኛው ቀን ተቀምጦ «እኔ ወይ ልጨፍር ወይ ልዝፈን፤ አንዱን ምረጡልኝ» ማለቱን አልረሳም። አልመረጡለትም። በሦስተኛው ወር ላይ የዐሥራ ሁለት ቀለሟን የወል ቤት ሐረግ በአንድ ትንፋሽ፣ ትከሻው ሳያርፍ፣ ተወጣት።

አሁን ወደ ቃሏ ልመለስ። በተውኔቱ ውስጥ አባት ዘምቶ የውኃ ሽታ ሆኗል። መንደሩ ሞቷል ብሎ እርሙን አውጥቶ ተዝካሩን ያወጣል። ጠላው ተቀድቶ፣ ካህናቱ ተቀምጠው ሳለ ልጅቱ ከድግሱ መካከል ትነሣና «አባቴ አለ» ብላ ታዜማለች። በሕይወት አለ ማለቷ ነው። የታሪኩ ማጠፊያ እዚህ ነው።

የዜማው ደራሲ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ግሩም አድርጎ ሠርቶታል። ችግሩ ዜማው «አ» ላይ ረዝሞ «ለ»ን በላባ እንደነካ ያህል ብቻ ነክቶ መውረዱ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው «አባቴ እንዲህ አለ» ለማለት የጀመረች ልጅ ድምፅ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች አንድ ቀን በአንድ ድምፅ «ምን አለ?» ብለው ጠየቋት። ሳቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ በተዘፈነ ቁጥር «ምን አለ?» ማለት ልማድ ሆነ።

አንድ እሑድ መለሰችላቸው። «ልጄን ዩኒቨርሲቲ የላክኋት አዝማሪ እንድትሆን አይደለም አለ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀይር።

የሳቀ አልነበረም። አባትየው በክፍለ ሀገር ከተማ የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ውሉን መፈረሟን ከሰሙ ጀምሮ ስልኳን አያነሡም።

በማግሥቱ ቃሉን ልቀይርላት አሰብኩ፤ በሁለት በሦስት መንገድም ጽፌ አሳየኋት። አነበበቻቸውና ወረቀቱን መለሰችልኝ። «አይ ጋሼ፣ ይኸው ይሁን። እርስዎ የጻፉት ልክ ነው፤ እኔ ነኝ ማጥበቅ ያለብኝ።» መላውን ያገኘላት በልጅነቱ የቄስ ትምህርት የተማረ ጓደኛዋ ነው። ንባብ ቤት ተነሺውን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ ሳይለይ የሚያነብ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃልና፣ «ለ»ን ምላስሽ ላይ አሳድሪያት አላት። ምላሷን ላንቃዋ ላይ አስጠግታ፣ ድምፁን ሳትቆርጥ፣ ምቱ እስኪያልፍ ትይዛታለች፤ ከዚያ ትለቃታለች። የዜማው ደራሲ መጀመሪያ ተቆጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሙዚቀኞቹ ለዚያች ቅጽበት ዝም እንዲሉ ራሱ አዘዘ።

ክፍያው በባንክ በኩል ስለሚፈጸም ባለፈው ወር ዐሥራ አንዱም ተሰልፈው ወደምሠራበት ቅርንጫፍ መጡ። በነገራችን ላይ፣ ጣሊያኖች ሲኒማ ቤት ሊያደርጉት ጀምረውት የቀረውን ሕንፃ አጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ለተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ያበቃውም፣ እዚያው አካባቢ ያለውን ክብ የንግድ ባንክ ሕንፃ የነደፈውም አንድ ሰው፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱን ለእኔ ተዉልኝ።

የሂሳብ መክፈቻው ቅጽ ላይ «የሥራ ዓይነት» የሚል መስመር አለ። ዐሥራ አንዱም እዚያ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ። ዘጠኙ «ተማሪ» ብለው ጻፉ። ግዙፉ ልጅ ባዶ አድርጎ ሊሰጠኝ ሲል መለስኩለት። እርሷ በመስኮቱ ቀዳዳ ዝቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ተዋናይ ብል ትቀበሉኛላችሁ?» አለችኝ። «ጻፊ» አልኳት። ቅጹን ለሥራ አስኪያጃችን ሳሳልፍ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም ሳይሉ ፈረሙ።

ትናንት በእውነተኛው መድረክ ላይ፣ ሙሉ አልባሳቱን ለብሰው፣ መብራቱ ተበጅቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱት። ሆን ብዬ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ያህል ባዶ ወንበር ፊት ለፊቷ ሲዘረጋ ምን እንዳሰበች አላውቅም። ተዝካሩ ተዘጋጀ፤ ተነሣች፤ ሙዚቃው ዝም አለ። ያቺን ፊደል ከኋላ ግድግዳ ሥር ሆኜ፣ ጠብቃ፣ ሳትሰበር ሰማኋት። ከአጠገቤ የነበሩት የመብራት ሠራተኛ፣ ታሪኩን ጨርሶ የማያውቁት ሰው፣ «አልሞተም እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

መክፈቻው የፊታችን ቅዳሜ ነው። እናቷ ሁለት ትኬት አስቆርጠዋል። ሁለተኛው የማን እንደሆነ አልነገሯትም፤ እርሷም አልጠየቀችም።