ከዳህላክ ደሴቶች የተማርነው

ትዳር በመርከብ ጉዞ ሲመሰል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እኛ ግን ምሳሌውን በባሕር ላይ ቀምሰነዋል።

በ1965 ዓ.ም.፣ በተጋባን በሦስተኛው ወር፣ ከሁለታችን ወታደር የሆነው የአምስት ቀን ፈቃድ ስላገኘ ከምጽዋ በባለ ሸራ ሳምቡክ ተሳፍረን ወደ ዳህላክ ደሴቶች አመራን። ደሴቶቹ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ያወጀችው የኤርትራ ግዛት ናቸው። ቁጥራቸው ከመቶ ቢበልጥም ሰው የሚኖርባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ የተሠሩ፣ ዝቅ ያሉና ደረቅ ናቸው። በዳህላክ ከቢር የጥንት ሰዎች ከአለት ፈልፍለው ያበጇቸውን የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎችና የዐረብኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮች በአድናቆት ተመለከትን።

በአራተኛው ቀን፣ ስንመለስ፣ ነፋሱ ጸጥ አለ፤ ሸራውም እንደ ረጠበ ነጠላ ተንጠለጠለ። ነፋሱ የተመለሰው ከመሸ በኋላ ነበር። ይሁን እንጂ የጀልባዋ መሪ አዛውንት መልሕቅ አስጣሉ።

«አባቴ፣ በሰዓቱ ካልደረስኩ እቀጣለሁ፤ ሌሊቱን እንጓዝ» ሲል ወታደሩ አጥብቆ ለመናቸው።

«ልጄ፣ ጥልቁ ጠቆር ብሎ፣ ድንጋዩ ቡናማ ሆኖ የሚለየው ፀሐይ ሲኖር ነው። በጨለማ ባሕሩ ሁሉ አንድ መልክ ነው» አሉት።

ድጋፍ ፈልጎ ወደ ባለቤቱ ዞረ። እስከዚያች ቀን ቃሉን ተቃውማ የማታውቀው ሙሽራ ግን፣ «ከምትቀርብኝ ብትዘገይብኝ ይሻለኛል» አለችው። ተቆጥቶ ዝም አለ፤ ሌሊቱንም ሳንነጋገር አደርን።

በማግሥቱ ፀሐይ ከፍ ስትል ጉዞ ጀመርን። ብዙም ሳንርቅ፣ ሌሊት ልናልፍበት በነበረው መስመር ላይ፣ ከውኃው በታች ክንድ በማይሞላ ጥልቀት የተዘረጋ የድንጋይ ግንብ አየን። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን እጁን በእጇ ላይ አኖረ።

ነፋሱ እንደ ገና ስለ ከዳን ምጽዋ የደረስነው አንድ ቀን አሳልፈን ነው። ወታደሩ ሰባት ቀን ከግቢ እንዳይወጣ ተቀጣ። ቅጣቱ የሚገባ ነበር፤ ለነፋስ አንድ ቀን እንኳ ሳናተርፍ ፈቃዱን እስከ ጫፉ የለካነው እኛው ነንና። ባለቤቱም በየማታው ምግብ ይዛ እስከ በሩ ትመላለስ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ጠብ በመሸ ጊዜ ቢነሣ፣ ከሁለታችን አንዳችን «መልሕቅ እንጣል» እንላለን። ሲነጋ ድንጋዩ የቱ፣ ጥልቁ የቱ እንደ ሆነ ይለያል።