ከምድጃው ሥር ምን አለ?

እህቶቼ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የምትመለከቱት የምድጃውን አፍ ነው። ፍሙ መውጣቱን፣ አመዱ ላይ ውሃ መረጨቱን አይታችሁ በሩን ትዘጋላችሁ። እኔም እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ከምድጃው ሥር ያለውን ግን አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየሁም ነበር።

ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ ማድ ቤቱ ከመኝታ ክፍሉ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የምንጋግር ብንሆንም መብራት በጠፋ ቁጥር መመለሻችን ማገዶ ነው። እናቴን ወገቧን ስለሚያማት ከሁለት ዓመት በፊት ምድጃውን ከመሬት ከፍ አደረግንላት። አናጢ ጠርተን የባሕር ዛፍ ቋሚ አስተከልን፤ በላዩ ጣውላ አስመታን፤ ጣውላውን አራት ጣት ያህል ጭቃ ለቀለቅነው። ከዚያም ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራውን «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ አስቀመጥንበት። ይህ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ዙሪያው የተከበበ ነው፤ ወለል ግን የለውም። እሳቱ የሚነደው በቀጥታ በተቀመጠበት ነገር ላይ ነው። ይህን ልብ አላልንም።

አንድ ዓርብ ማታ እንጀራ ተጋግሮ፣ እሳቱ ጠፍቶ ተኛን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጭስ ሽታ ቀሰቀሰኝ። መጀመሪያ ከጎረቤት የመጣ መስሎኝ ነበር። ማድ ቤቱን ብከፍት ነበልባል የለም፤ ከመደቡ ሥር ግን እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ይወጣል። ውሃ ደፋንበት። ሲነጋ ጭቃውን ብንፈነቅለው መሐል ያለው ጣውላ እስከ ታች ከስሎ በእጄ ላይ ፍርክስክስ አለ። ከግድግዳው ማዶ የስድስት ዓመት ልጄ አልጋ ነው። እናቴ አንዴ ጣውላውን፣ አንዴ ግድግዳውን እያየች፣ «ለእኔ ወገብ ተብሎ...» አለች፤ አልጨረሰችውም።

አናጢውን አልወቅስም፤ ያዘዝነው እኛ ነን። ሌሎች ከእሳት እንዲጠነቀቁ ስጽፍ የኖርሁትም እኔው ነኝ።

ምክንያቱን ያስረዱን መደቡን እንደገና የሠሩልን ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። «ጭቃ ሙቀትን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም» አሉን። በእርግጥም እንጨት ነበልባል ባይነካውም፣ በየጊዜው ሲግል ውስጥ ለውስጥ ይከስላል፤ የከሰለው ደግሞ ከጤነኛው ይልቅ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ሁለት ዓመት ደህና የቆየ መደብ በሦስተኛው ሊነድ የሚችለው ስለዚህ ነው።

አዲሱ መደብ አንዲት ስንጥር እንጨት የለበትም። መሬቱ አንድ ስንዝር ተቆፍሮ ድንጋይ ተነጠፈበት። በብሎኬት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተገንብቶ ውስጡ በድንጋይና በአፈር ተጠቀጠቀ፤ ላዩ በሸክላ ጡብ ተሸፈነ። የሚወድቅ ፍም መሬት እንዳይደርስ ከምድጃው አፍ ወደ ፊት 50 ሴንቲ ሜትር ተረፍ አለ። ምድጃው ከግድግዳው ሁለት ስንዝር እንዲርቅ ተደረገ። ግድግዳው ጭቃ ቢለበስም ውስጡ ማገር ነውና ቆርቆሮ ጋረድንለት፤ ቆርቆሮው ግን አልተለጠፈም፤ አየር እየተመላለሰ ሙቀቱን እንዲወስደው ሦስት ጣት ያህል ተራርቆ ቆመ። ግንባታው እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ጠበቅን፤ እርጥበት ያለው ግንብ በኃይለኛ እሳት ስለሚሰነጠቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያነደድነው ጥቂት ጭራሮ ብቻ ነበር።

አመዱንም ከእንግዲህ በካርቶን ወይም በፕላስቲክ አናወጣም። በአመድ የተዳፈነ ፍም በማግሥቱም ሕይወት ሊኖረው ይችላልና ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ከቤት ውጭ እናሳድረዋለን።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፤ የእናቴ እንጀራ እንደ ቀድሞው ነው። ዛሬም ወገቧን ሳታጎብጥ ትጋግራለች፤ ልጄም በዚያው አልጋው ላይ ይተኛል።

እናንተም እህቶቼ፣ ምድጃችሁ በእንጨት መደብ ላይ ከሆነ ዛሬ ጋግራችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ከሥሩ አስገብታችሁ ጣውላውን ዳስሱት። ሞቆ ካገኛችሁት፣ ወይም ጠቁሮ ካያችሁት፣ ነገ አትበሉ። ምድጃውን ወደ መሬት አውርዱና ግንበኛ ጥሩ። የእኛ መደብ የሁለት ቀን ሥራ ብቻ ነበር።