የካሉብ ጋዝና የቁይ ማሳ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ የቁይ ገበሬ ክረምት ሲቃረብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ቢዘገይ የዘር ወቅት አይጠብቀውም። ዩሪያ የሚሠራበት የተፈጥሮ ጋዝ ግን በሶማሌ ክልል፣ በካሉብ፣ ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዓለም ባንክ ለካሉብ ልማት ብድር ፈቅዶ ነበር፤ ጋዙ ግን ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። በ2017 ደግሞ ባንኩ፣ ከ2019 በኋላ ለነዳጅና ለጋዝ ፍለጋም ሆነ ማውጣት ገንዘብ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ለድኃ አገሮች ጋዝ የተወው ጠባብ በር የሚከፈተው፣ ፕሮጀክቱ ለድኆች ኃይል የሚያዳርስና ከፓሪስ ስምምነት ግዴታ ጋር የሚጣጣም ሲሆን ነው። ሚዛኑ መብራትንና ማገዶን ያያል፤ የጤፍ ማሳን አያይም።

በ2025 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ገንዘቡ ከልማት ባንክም ይምጣ ከግል ባለሀብት፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ ጥቅሙ ለማን፣ ጉዳቱስ በማን ላይ? የቁይ ገበሬ ዩሪያውን በወቅቱ ሲያገኝ፣ የካሉብ አርብቶ አደርም ውኃውንና ግጦሹን ሳያጣ ሲቀር፣ ልማቱ ዘላቂ ሊባል ይችላል። አንዱ ብቻ ከተሟላ ግን ሸክሙ ከትከሻ ወደ ትከሻ ተዛወረ እንጂ አልቀለለም።