ከመሀል የሚቀነስ ብርሃን

ሴንተር ፊልተር መሀሉ ግራጫ ሆኖ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ፣ ጠርዙ ላይ ጥርት የሚል ክብ መስታወት ነው። በሰፊ ሌንስ ፊት ይገጠማል፤ ሥራውም በፎቶው መሀል የሚያርፈውን ብርሃን ቀንሶ ከጥጎቹ ጋር ማስተካከል ነው። ለጥጎቹ የሚጨምርላቸው ቅንጣት ብርሃን የለም። ፎቶ አንሺው ብርሃን እንዲያስገባለት ውድ ሌንስ ይገዛል፤ ቀጥሎ ያንኑ ብርሃን የሚከለክል ሌላ ውድ መስታወት ይገዛለታል። የጎደለውን መሙላት ሲያቅት ከሞላው መቀነስ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሰፊ ሌንስ የሚሠሩ ሰዎችም ከመቶ ዓመት በላይ ከዚህ ዕዳ ለማምለጥ ብዙ ደክመዋል።

ዕዳው የመጣው ከጂኦሜትሪ ነው። ከሌንሱ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ፊልሙን ቀጥ ብሎ ያገኘዋል። ከዳር የሚመጣው ግን በሦስት ምክንያት ይከስራል። አንደኛ፣ እስከ ፊልሙ ጥግ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ክብ የነበረው የሌንሱ ቀዳዳ ከጎን ሲታይ ጠበብ ይልና የሚያሳልፈው ያንሳል። ሦስተኛ፣ ብርሃኑ በሰያፍ ስለሚያርፍ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይበተናል። እነዚህ ተደምረው የማዕዘኑ ኮሳይን አራት ጊዜ በራሱ እንዲባዛ ያደርጋሉ። በ30 ዲግሪ ማዕዘን ከመሀሉ ብርሃን 56 በመቶ ይደርሳል፤ በ45 ዲግሪ ሩቡ፤ በ60 ዲግሪ 1/16ኛው ብቻ። በፎቶ አንሺዎች አነጋገር ብርሃን በግማሽ ሲቀንስ አንድ ስቶፕ ጎደለ ይባላል፤ ሩብ ማለት እንግዲህ የሁለት ስቶፕ ጉድለት ነው። የሙሽራ ፎቶ ሲሆን ጥጉ የጠቆረ ፍሬም እንደ ጌጥ ይቆጠራል፤ መልክዓ ምድር ሲሆን ግን ሰማዩ ግራና ቀኙ የመሸበት ይመስላል።

የመጀመሪያው መፍትሔ መስታወት አልነበረም። በርሊን የነበረው የጎርትዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1900 ሃይፐርጎን የተባለ ሌንስ አወጣ። የነደፈው ኤሚል ፎን ሆኽ ሲሆን፣ ሁለት ስስ ጎባጣ መስታወቶች ብቻ ያሉት ይህ ሌንስ 135 ዲግሪ ያህል ያይ ነበር። በዚሁ የኮሳይን ሕግ መሠረት በዚህ ስፋት ጥጉ የሚደርሰው ከመሀሉ ብርሃን 1/50ኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ከሌንሱ ፊት የኮከብ ቅርጽ ያለው ትንሽ ማራገቢያ ተገጠመለት። ፎቶ አንሺው የላስቲክ ኳስ ሲጨምቅ በቱቦ የሚመጣው አየር ኮከቡን ያሽከረክረዋል፤ ኮከቡም መሀሉን አብዝቶ፣ ዳሩን አሳንሶ ይጋርዳል። ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ሊያልቅ ሲል ማራገቢያው ከፊት ገለል ይልና መሀሉም ድርሻውን ያገኛል። የዛሬው ሴንተር ፊልተር ቅድመ አያት ይህ የሚሽከረከር ኮከብ ነው።

ሌሎች ዕዳውን ከመክፈል መሸሽን መረጡ። ሰፊ ሌንስ ከመሥራት ይልቅ ጠባቡን ሌንስ ማዞር ይቻላል። ፍሪድሪሽ ፎን ማርተንስ በ1840ዎቹ ፓሪስ ላይ፣ ኮዳክም በ1899 ፓኖራም በተባለው ካሜራው ያደረጉት ይህንን ነው፤ በኋላ የመጣው የጃፓኑ ዋይደለክስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሌንሱ እየዞረ በጠባብ ስንጥቅ በኩል ፊልሙን ስለሚያበራ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሆናል፤ ሴንተር ፊልተርም አያስፈልግም። ቅጣቱ በሌላ በኩል ይመጣል፤ ቀጥ ያለ መንገድ እንደ ቀስት ይጎብጣል።

ሦስተኛው መንገድ እይታውን መቆራረጥ ነው፤ ለዚህ ትልቅ ማስረጃ ያለው አዲስ አበባ ነው። የጣሊያን ወታደራዊ ካርታ ሠሪዎች በወረራው ዘመን፣ ከ1935 እስከ 1941፣ የኢትዮጵያን መሬት ከአውሮፕላን ሲያነሱ በአንድ ጊዜ አራት ፎቶ ያነሱ ነበር፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ዘንበል ብለው፣ አራተኛው ወደ አድማስ ተንጋዶ። አራቱ ጎን ለጎን በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው አንድ ሰፊ እይታ ይሠራሉ። በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ተቀምጠው የቆዩት እነዚህ ሰሌዳዎች ከ8,000 በላይ ሲሆኑ፣ ተመራማሪዎች በኋላ በስካነር አንስተው የመሬቱን ለውጥ አጥንተውባቸዋል። አንድ ሌንስ ሁሉን እንዲያይ ስላልተገደደ አንዱም ጥግ ብዙ አልተራበም።

የሌንሱን ጉድለት ከሥሩ ለማቃለል የሞከሩትም የአየር ካርታ ባለሙያዎች ናቸው። የሶቪየቱ ሚካይል ሩሲኖቭ በ1940ዎቹ የሌንሱ ቀዳዳ ከጎን ሲታይ እንዳይጠብ የሚያደርግ ንድፍ አወጣ፤ ሉድቪክ በርቴለም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለስዊሱ ቪልድ ኩባንያ አቪዮጎንን ሠራ። ጉድለቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ በካርታ ካሜራዎች ሌንስ ላይ መሀሉ በስስ ብረት የተቀባ መስታወት መግጠም የተለመደ ሆነ። ብረቱ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ተንኖ መስታወቱ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ መሀሉ ላይ ወፍሮ፣ ወደ ዳር ሳስቶ።

ይኸው መስታወት ከአየር ወደ ምድር የወረደው ሰፊ ፓኖራማ የሚያነሱ የፊልም ካሜራዎች ሲመጡ ነው። የሊንሆፍ ቴክኖራማ 617 ከአንድ 120 ፊልም አራት ፍሬም ብቻ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ፍሬም 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ90 ሚሊ ሜትር ሌንስ የዚህ ፍሬም ጥግ ከመሀሉ 44 ዲግሪ ያህል ይርቃል፤ በቀመሩ ጉድለቱ ወደ ሁለት ስቶፕ ይጠጋል። ሃሰልብላድ ከፉጂ ጋር በ1998 ያወጣው ኤክስፓን ፍሬሙ 24 በ65 ሚሊ ሜትር ነው፤ 30 ሚሊ ሜትሩ ሌንሱ ያለ ሴንተር ፊልተር አይታሰብም። በ617 ላይ 180 ሚሊ ሜትር ሌንስ የገጠመ ሰው ግን ጉድለቱ ከአንድ ስቶፕ በታች ስለሆነ ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻለዋል።

አጠቃቀሙን ለማየት ጋሞ ደጋ ጥሩ ቦታ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,700 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ዶርዜ አጠገብ ካለው አፋፍ ቁልቁል ሲታይ አባያ ሐይቅ በስተግራ፣ ጫሞ ሐይቅ በስተቀኝ፣ ሁለቱን የሚለየው የእግዜር ድልድይ የተባለው ከፍ ያለ መሬት መሀል ላይ ይሆናሉ። ያለ ፊልተር በሰፊ ሌንስ ከተነሳ ድልድዩ ይፈካል፣ ሁለቱ ሐይቆች ይጠቁራሉ። አባያ ከደለሉ የተነሳ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ተመልካች ጥቁረቱን በደለሉ ያሳብባል፤ ጫሞ ግን የሚያሳብብበት የለውም። ስላይድ ፊልም የሚችለው የብርሃንና የጥላ ልዩነት አምስት ስቶፕ ያህል ነው፤ ሁለቱን ሌንሱ ከበላው ለሐይቆቹ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ቀርከሃና የእንሰት ጓሮ ፍሬሙን ከሞሉት ጉድለቱን ይደብቁታል፤ ቅጠሉ ራሱ ብርሃንና ጥላ የተደባለቀበት ነውና። ወጥ የሆነ ነገር ግን ያጋልጠዋል፤ ሰማይ፣ ውሃ፣ ከሁሉም በላይ ጉም። ጨንቻ ላይ ደግሞ ጉም ቀጠሮ አይጠይቅም። ችግሩ ፊልተሩ የሚያስፈልግበትና ብርሃን የሚያጥርበት ሰዓት አንድ መሆኑ ነው። አይኤስኦ 100 ፊልም በጥሩ ፀሐይ ቀዳዳው በኤፍ 22 ሲጠብ 1/60 ሰከንድ ይበቃዋል። ሰማዩ ሲደፈን ወደ 1/8 ይወርዳል፤ ባለ ሁለት ስቶፕ ፊልተር ሲጨመር ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። በግማሽ ሰከንድ በፍሬሙ ውስጥ ያለ ቤት ባለበት ይቆማል፤ ከጀርባው ያለው ቀርከሃ ግን ነፋስ ከነካው ቅጠሉ ደብዝዞ እንደ ጭስ ይወጣል። ትራይፖድ ግድ ነው።

ቀዳዳውን ከፍቶ ጊዜ ማትረፍም አያዋጣም። ፊልተሩ የተለካው ለኮሳይኑ ጉድለት ነው፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ሲከፈት የሌንሱ ቀፎ ራሱ ጥጉን ስለሚጋርድ ሌላ ጥላ ይጨመራል። ስለዚህ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 11 ወይም ከዚያም በላይ ማጥበብ ይመከራል። ብርሃን የሚለካ ሰው የፊልተሩን ቅናሽ በእጁ መደመር አለበት፤ አለበለዚያ ፎቶው እንዳለ ጨልሞ ይወጣል።

ዛሬ ስልኮች ይህን ሥራ ለባለቤታቸው ሳይነግሩ ይሠሩታል፤ ጥጉን በሶፍትዌር ያፈኩታል። ኔጋቲቭ ፊልምም ስካን ከተደረገ በኋላ እንዲሁ ሊስተካከል ይችላል። ሶፍትዌር ግን ከመሀል አይቀንስም፣ ጥግ ላይ ያለውን ጥቂት ብርሃን ያጎላል፤ አብሮት የጥጉ ሻካራነትም ይጎላል። ስላይድ ፊልም ላይ ጥጉ አንዴ ከጠቆረ የሚጎላ ነገር ስለማይገኝ፣ ሒሳቡ ከሌንሱ ፊት መከፈል አለበት።