180 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ቀን ተኩል

ጎንደር ያለችው እናታችሁ ላሊበላ ያለች ታላቅ እህቷን ለመጠየቅ በአውሮፕላን ብትሄድ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል ትላላችሁ? እኔ «ግማሽ ሰዓት» ብዬ ነበር።

በስልኬ ካርታ ላይ በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ስለካ፣ ቀጥታው መስመር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ማራኪውን ቁጥር ማስቀደም ልማዴ ነው። ለታመመችው አክስቴ ደወልኩና «ቅዳሜ እማዬ ካንቺ ጋር ምሳ ትበላለች» አልኳት።

ትኬት ልቆርጥ ስል ግን ለዚያ ቀን ቀጥታ በረራ አልነበረም፤ ጉዞው በአዲስ አበባ በኩል ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ ደግሞ 330 ያህል ነው። እናቴ 180 ኪሎ ሜትር ለመሻገር 750 ልትበር ነው ማለት ነው። ቦሌ ብዙ እንዳትጠብቅ ብዬም በሁለቱ በረራዎች መካከል አጭር ጊዜ ያለውን መረጥኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

የሐምሌ መጨረሻ ነበር። የጎንደር ሰማይ በደመና ተሸፍኖ በረራው ዘገየ። እማዬ ቦሌ ስትደርስ የላሊበላው ሄዷል። በነጭ ጨርቅ የጠቀለለችውን ድፎ ዳቦ እንዳቀፈች መውጫው ላይ አገኘኋት። አልተቆጣችኝም። «እትዬ ምሳ ሳትበላ ትጠብቀኛለች፤ ደውዪላት» ብቻ አለችኝ። ስደውል አክስቴ እውነትም አልበላችም ነበር።

እማዬ የደረሰችው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ካረፈችም በኋላ ዳገቱን በመኪና መውጣት ነበረባት። ዳቦው ደርቆ ነበር፤ አክስቴ በሻይ እያራሰች በላችው። ስድስት ዓመት ሳይተያዩ የቆዩት እህትማማቾች አምስት ቀን አብረው አሳለፉ። ስድስት ሊሆን ይችል ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ አክስቴ አረፈች።

ዛሬ ለወላጆቼ ትኬት ስቆርጥ ኪሎ ሜትሩን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። እናንተም አስቀድማችሁ በረራው ቀጥታ መሆኑን ጠይቁ። አውሮፕላን የሚቀየር ከሆነ በመካከሉ ሦስትና አራት ሰዓት ተዉ፤ በክረምት ደግሞ ከዚያም ጨምሩ። ማረፊያው ከከተማው ምን ያህል እንደሚርቅና ማን መኪና ይዞ እንደሚቀበላቸው እወቁ።

ከሁሉም በላይ፣ ለሚጠብቀው ሰው የምትነግሩት ሰዓት ከደጅ እስከ ደጅ ያለውን ይሁን። «ምናልባት ማታ፣ ምናልባትም ነገ» ብያት ቢሆን ኖሮ አክስቴ ያን ቀን ምሳዋን ትበላ ነበር።