ሰባት ቤት

እኛ ዘር ቆጣሪዎች ነን። ጎንደር እያለን ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው በእናትም በአባትም ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። እዚህ ሮቫ ሄ፣ ኩፓት ሆሊም ያለችው አሆት ግን የጠየቀችኝ አንድ ቤት ብቻ ነው። የእኛው ልጅ ናት፦ «እማማ፣ እናትዎ ስኳር ነበረባቸው? ወንድም እህትስ?»

እናቴ ነበረባት። ታላቅ ወንድሜና ታናሽ እህቴም አለባቸው። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ደሜን እሰጣለሁ። ያለፉትን ሦስት ወራት ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ከ5.7 በታች ከሆነ ደህና ነው፣ 6.5 ከደረሰ በሽታ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ 6.1 እና 6.2 ላይ ነኝ። አልታመምኩም፣ ደህናም አይደለሁም። ጎረቤቴ «አፋፍ ላይ ነሽ» ትለኛለች፤ ከሐኪሙ ቃል ይሄ ይሻለኛል።

ልጄ ግን አትመረመርም። 39 ዓመቷ ነው። ሁለተኛዋን ስታረግዝ ስኳሯ ከፍ ብሎ ነበር፤ «ስወልድ ጠፋ» ትላለች። ደግሞ ትሞግተኛለች፦ «እማዬ፣ በዘር ከሆነ አያቶችሽ ለምን አልታመሙም?»

ጥያቄዋ ጥሩ ነው። አያቶቼ ውሃ በእንስራ ተሸክመው ዳገት ይወጡ ነበር፤ እንጀራቸው ጤፍና ዳጉሳ፣ ወጣቸው ሽሮ ነው። ስኳር ለእንግዳ እንኳ ብርቅ ነበር። እኛ በ1984 በሱዳን በኩል ስንገባ አጥንታችን ይቆጠር ነበር። በ1988 ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣቶች ላይ ስኳር በሽታ መብዛቱን ጻፉ። ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ነጩ ዳቦ፣ ሊፍቱ፣ አውቶቡሱ፣ ጣፋጩ መጠጥ ነው። ደግሞ የእኛ ሰው ሳይወፍርም ይያዛል። ልጄ ቀጭን ናት፣ በዚያ ትመካለች።

እናቴ መርፌዋን ከጎረቤት ትደብቅ ነበር። «ዘራቸው ስኳር አለበት» ከተባለ የልጅ ልጆቿን ማን ያጫል? አሁን ጊዜው ሌላ ነው። በ1998 ጤነ ብሪኡት የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ በአማርኛ ያስተምረናል፤ ስሙ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፣ ሁለቱም ያው ጤና ማለት ነው። ማታ ማታ እኔና ሦስት ሴቶች ሰፈሩን በእግር እንዞራለን፤ ቁጥራችንን ጮክ ብለን ነው የምንነጋገረው።

ቀጣዩ ቀጠሮዬ ከሲግድ በኋላ ነው። ኩፓት ሆሊሙ ከቤቴ አምስት ደቂቃ ነው፣ ሁሌም በእግሬ ነው የምሄደው። ዘንድሮ ግን ልጄን በመኪናሽ አድርሺኝ፣ አብረሽኝም ግቢ ብያታለሁ።