ስለ አውቶሞቢል ጎማ አመራረጥ

ሰው ለቤቱ የሚገዛውን ዕቃ ሁሉ በዋጋው ርካሽነት ብቻ ቢመርጥ ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳት፥ በራሴ ላይ ከደረሰው ነገር ተምሬአለሁ። ሌላው ወንድሜ ሳይጐዳ ይማርበት ዘንድ ይህን ጻፍሁ።

እኔ በደብረ ታቦር በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። በሰኔ ወር የአሮጌው አውቶሞቢሌ ጎማዎች ጥርሳቸው ስላለቀ ልለውጣቸው ወደ ገበያ ወጣሁ። ባለቤቴ «የእኛ ልብስ ይቆይ፤ ጎማው አዲስ ይሁን» ብላኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ነጋዴ ጥርሱ ያላለቀ ያገለገለ ጎማ በአዲሱ እኩሌታ ዋጋ ቢያቀርብልኝ ደስ ብሎኝ አራቱንም ገዛሁ።

በነሐሴ፥ ቡሄን በቤታችን ለማክበር ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ከነፋስ መውጫ ስመለስ፥ በጉና ተራራ ትከሻ ላይ በረዶ ጣለ። በጥቂት ደቂቃ መንገዱ እንደ ባዘቶ ነጣ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብረግጥ ጎማው መዞሩን ተወ፤ አውቶሞቢሉ ግን አልቆመም። ወደ ገደሉ አፋፍ ሲንሸራተት ታናሺቱ ልጄ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። በእግዚአብሔር ቸርነት አንድ የአፈር ክምር ያዘን። ባለቤቴ አንዳች የወቀሳ ቃል አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን ከፍርድ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ አንድ ጎሚስታ በጎማው ጎን የተጻፉትን አራት አኃዞች አሳየኝ። የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቈጣጠር ይናገራሉ። የእኔ ጎማ 2311 ይል ነበር፤ ይኸውም በ2011 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሳለ ላስቲኩ በዕድሜ ብዛት ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሮ ነበር።

አመዳይ በሚጥልበት አገር ለክረምት የሚሆን ልዩ ጎማ አለ። ምልክቱም ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የተሣለ የአመዳይ ቅንጣት ነው፤ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች እንኳ ልስላሴውን አይተውም። ነገር ግን ጧት በጉና ብርድ፥ ቀትር በፎገራ ሜዳ ሙቀት ለምንነዳ ለእኛ ቶሎ ያልቃልና ገንዘብ ማባከን ነው። ለእኛ የሚበጀው ለብርድም ለሙቀትም የተሠራ፥ ጥርሱ ጠለቅ ያለ፥ በቅርብ ዓመት የተሠራ መካከለኛ ጎማ ነው። የብዙ አገሮች ሕግ የጥርሱን ጥልቀት እስከ 1.6 ሚሊሜትር ቢፈቅድም፥ በበረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ከ4 ሚሊሜትር በታች ባያደርገው መልካም ነው። እኔ ዛሬ በጽሕፈት ቤቴ ማስመሪያ እለካዋለሁ።

እንዲህ ያሉትን አራት ጎማዎች ለመግዛት ዕቁቤ እስኪወጣልኝ ድረስ ሁለት ወር በእግሬ ሄድሁ። ጫማዬ አለቀ፤ ልጆቼ ግን በሕይወት አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በዚሁ ደጋ ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፥ መንኰራኵሩ እንዳይሰናከል መንገዱን አስቀድመው ያስጠርጉ ነበር። ለመድፍ መንኰራኵር ያን ያህል ከታሰበ፥ ልጆቻችንን ለሚሸከመውማ ምን ያህል ልናስብ ይገባናል!